ትንፋሽ፣ ነፍስ እና ኖፌሽ

«ትንፋሽ» የሚለውን ቃል ሳንጠራው የምንውልበት ቀን ጥቂት ነው። ደረጃ የወጣ ሰው ትንፋሹ ከሩቅ ይሰማል። እናት ሕፃኗ ሲተኛ ጆሮዋን አስጠግታ ትንፋሹን ታዳምጣለች። ምሥጢር ስንነግርም «ትንፍሽ እንዳትል!» ብለን እናስጠነቅቃለን። ይህ ቃል ከየት መጣ? እዚህ ከምንሰማው ዕብራይስጥ ጋርስ ዝምድና አለው?

የቃሉ ሥር «ነፈሰ» ነው። ነፋስ ሲነፍስ፣ ሰው ሲተነፍስ፣ ነፍስ ከሥጋ ስትለይ፣ ሁሉም ከዚህ አንድ ሥር ይጠራሉ። ከግዕዝ የወረስናቸው «መንፈስ» እና «እስትንፋስ»ም የዚያው ቤተሰብ ናቸው። ትግርኛ ተናጋሪ ወገኖቻችን «ትንፋስ» ይላሉ፤ ዐረቦች እስትንፋስን «ነፈስ»፣ ነፍስን «ነፍስ» ይሏታል።

በዕብራይስጥ የዚህ ሥር ልጅ «ኔፌሽ» ነው። የእኛ «ስ» እነርሱ ዘንድ ብዙ ጊዜ «ሽ» ይሆናል፤ ስም «ሼም»፣ ራስ «ሮሽ»፣ ሰላም «ሻሎም» እንደሚባለው ማለት ነው። ታዲያ አንዳንድ ሰዎች «ትንፋሽ» በ«ሽ» ስለሚያልቅ ከዕብራይስጥ የመጣ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን አይደለም። ይህ «ሽ» አማርኛ ራሱ ያወጣው ነው፤ ከፈሰሰ «ፈሳሽ»፣ ከቀደሰ «ቀዳሽ» እንደምንለው ሁሉ ከተነፈሰም «ትንፋሽ» አልን።

ደስ የሚለው ግን ሌላ ነው። በናታንያ መሀል ከተማ ወደ ባሕሩ ስንወርድ ሆቴሎቹን እናያለን፤ ሰዎች ወደዚያ የሚመጡት ለ«ኖፌሽ» ነው። ኖፌሽ ማለት ዕረፍት ሲሆን ሥሩ ያው የእኛ ነው። እኛስ ሥራ ሲበዛብን «ወጣ ብዬ ልተንፍስ» እንል የለም? በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 31 እግዚአብሔር በሰባተኛው ቀን ማረፉ በዕብራይስጥ «ዋዪናፋሽ» ተብሎ የተነገረውም ከዚሁ ሥር ነው። ሰንበትን እንደ ዐይን ብሌን ጠብቆ ለኖረ ሕዝብ ይህ ቃል ባዕድ ሊሆን አይችልም።

ሆኖም ዘመድ የሆነ ቃል ሁሉ አንድ ትርጉም የለውም፤ በተለይ በኩፓት ሆሊም መጠንቀቅ ያሻል። የዛሬው ዕብራይስጥ መተንፈስን የሚጠራው በሌላ ሥር ነው፤ ትንፋሽ «ኔሺማ» ይባላል፤ «ኔሻማ» የሚለው ደግሞ ነፍስ ማለት ሲሆን የዚያው ሥር ነው። «ኔፌሽ» በሐኪም ቤት ሲነሳ የሚያመለክተው አብዛኛውን ጊዜ የአእምሮን ሁኔታ ነው፤ «ብሪዑት ሃኔፌሽ» ማለት የአእምሮ ጤና ነውና። እንግዲህ አንዲት እናት ደረጃ ስትወጣ ደረቷ ተጨንቆ «ነፍሴ ልትወጣ ነው» ብትል፣ አብሯት የሄደው የልጅ ልጅ ደግሞ ስለ «ኔፌሽ» ቢያወራ፣ ሳንባዋና ልቧ መመርመር ሲገባቸው ነገሩ ወደ ጭንቀት ሊዞር ይችላል። ሊባል የሚገባው «ቆጼር ኔሺማ» ነው። ይህም «ትንፋሽ አጠረኝ» ከሚለው አባባላችን ጋር ቃል በቃል ይገጥማል፤ ሁለቱም ቋንቋዎች ትንፋሽን «አጠረ» ይሉታል። ደረቱ «ሲር ሲር» የሚል ሰውም ድምፁን እንዲሁ ለሐኪሙ ቢያሰማው ከብዙ ትርጉም ይሻላል። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ ሐኪም ቤቶችና ክሊኒኮች ዕብራይስጥ ለማይችል ሕመምተኛ በቋንቋው እንዲረዱት ስላዘዘ፣ አስተርጓሚ ለመጠየቅ ማፈር አይገባም። ልጆችን ከዚህ ሸክም ማሳረፍም ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎቻችን ስናዳምጥ «አዎን» የምንለው በቃል ሳይሆን ትንፋሻችንን አጠር አድርገን ወደ ውስጥ በመሳብ ነው። በሰሜን ስዊድንም ሰዎች እንዲሁ ያደርጋሉ ይባላል፤ ስለዚህ የእኛ ብቻ አይደለም። እዚህ ግን የማያውቀው ሰው ደንግጠን ወይም አሞን ይመስለዋል። ነርሷ «ሕመም አለ?» ብላ ስትጠይቅ በዚህ ትንፋሽ ብንመልስ፣ መልስ እንዳልሰጠን ቆጥራ ጥያቄዋን ልትደግም፣ ወይም ባዶውን ቦታ አልፋ ወደሚቀጥለው ልትሄድ ትችላለች። በዚያ ሰዓት «ኬን» ማለት ይበጃል፤ ቤት ስንገባ በለመድነው መንገድ እንመልሳለን።