ስመ ክርስትናና ሐረገ ትውልድ በአምቦ መንገድ

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ያሉትን አድባራት ለመሳለም የወጣ ሰው፣ ከሆለታ ቀጥሎ የአዲስ ዓለም ማርያምን ያገኛል፤ ቀድሞ እጀርሳ ይባል በነበረው በዚህ ስፍራ ዐፄ ምኒልክ፣ አዲስ አበባን ማገዶ ቢቸግራት፣ መዲናቸውን ሊያዛውሩበት አስበው በ1890ዎቹ ቤተ መንግሥት ካስጀመሩ በኋላ አሳባቸውን ስለ ለወጡ፣ ሕንፃው ለእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከአምቦ በስተደቡብም በወንጪ ሐይቅ ደሴት ላይ ያለውን የቂርቆስ ገዳም ለማየት እንግዳው በጀልባ ይሻገራል።

ወላጆቹ ከጊንጪ ወይም ከጉደር ወጥተው በሩቅ አገር የወለዱት ልጅ ግን ከሕንፃው ይልቅ የአያቱን አሻራ ሲሻ ይመጣል። በዚህ ጊዜ የሚገጥመው ችግር የስም ችግር ነው። በአገራችን ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ አንድ የቤተ ሰብ ስም የለም፤ ከዚህም በላይ ወንዱ በ40፣ ሴቲቱ በ80 ቀን ሲጠመቁ የሚቀበሉት ስመ ክርስትና ከዘወትር መጠሪያቸው የተለየ በመሆኑ፣ በጸሎተ ፍትሐትና በተዝካር «ወልደ ሚካኤል» ተብሎ የተጠራውን ሰው በዓለማዊ ስሙ ቢጠይቁ ካህኑ ላያውቀው ይችላል። ጽሕፈት ያለበት መካነ መቃብር በገጠር ብርቅ ነው። በወንጌሉ ኅዳግ ላይ ርስትና ጉልት የሰጠው መኰንን ከነምስክሮቹ ሲመዘገብ፣ ያንን መሬት ያረሰው ባላገር አብዛኛውን ጊዜ አልተጻፈም።

በ1928 ዓ.ም. በአምቦ አጠገብ ቦዳ በምትባል መንደር የተወለደውን የሎሬት ጸጋዬን የስም ተዋረድ እንመልከት፤ አባቱ ገብረ መድኅን ተብለው በግእዝ ሲጠሩ፣ ከእርሳቸው በላይ የሚከተሉት ሮባና ቀዌሳ የኦሮሞ ስሞች ናቸው። ስለዚህ የመርጌታው ዕውቀት ከሚያበቃበት ላይ የጎሣው ሽማግሌ ይረከባል፤ ደብሩን ብቻ ጠይቆ የሚመለስ ሰው ግማሹን ሐረግ ጥሎ ይመለሳል ባይ ነኝ።

በሰሜኑ አገር የትውልድ ቆጠራ የርስት ክርክር መሣሪያ ስለ ነበረ፣ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆኖ ሲታወጅ አንዱ ጥቅሙ ቀረ። የቀረውን ያቆየው ጋብቻ ነው፤ በአማራው እስከ ሰባት ቤት፣ በኦሮሞው በጎሣ፣ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ መቁጠር የግድ ነበርና።

ሐረጉን ሲፈልግ ከአያቱ ደብር የደረሰ ሰው የቆርቆሮውን ክዳን አይቶ ደብሩ አዲስ ነው ቢል ግን ይሳሳታል፤ ሕንፃው ይታደሳል፣ ታቦቱና አጥቢያው ከሕንፃው ሊቀድሙ ይችላሉ።

እንግዲህ ለመሄድ የምታስቡ ሁሉ፣ ከጉዞው በፊት በቤታችሁ ያሉትን አረጋውያን የአያቶቻችሁን ስመ ክርስትና፣ ተዝካራቸው የወጣበትን ደብርና የጎሣቸውን ስም ጠይቃችሁ ጻፉ፤ የጉዞውንም ቀን ታቦቱ በሚነግሥበት ዕለት አድርጉት፣ የተበተነው ዘመድ የሚሰበሰበው በዚያን ቀን ነውና።