ከማሾ ወደ ኤልኢዲ፦ የቪክቶሪያ ሐይቅ የሌሊት ጀልባዎች

ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ከኬንያዋ ምቢታ ዳርቻ ቆሞ ቪክቶሪያ ሐይቅን የሚመለከት ሰው ውኃው ላይ ከተማ የተቆረቆረ ይመስለዋል። ከዳር እስከ አድማስ የተበተነው ያ ሁሉ መብራት ግን የዓሣ አስጋሪዎች ነው። የሚያሳድዷት ዓሣ ከጣት የማትረዝም፣ እንደ ብር የምታብለጨልጭ፣ ኬንያውያን ኦሜና፣ ታንዛኒያውያን ዳጋ፣ ኡጋንዳውያን ሙኬኔ የሚሏት ናት። አሸዋ ላይ ተሰጥታ ደርቃ በየገበያው የምትሰፈረው ይህች ትንሽ ዓሣ ዛሬ ከሐይቁ ከሚወጣው ዓሣ ሁሉ በክብደት ትልቁን ድርሻ ትይዛለች። የምትያዘውም በብርሃን ነው።

አስጋሪዎቹ መብራቱን ተንሳፋፊ እንጨት ላይ አስረው ውኃው ላይ ይለቁታል። ብርሃኑ ከዓይን ሊሰወሩ ጥቂት የቀራቸውን ጥቃቅን የውኃ ነፍሳት ይሰበስባል፤ ኦሜናም እነሱን ልትበላ፣ ደግሞም ብርሃኑ ራሱ እየሳባት፣ በመንጋ ትመጣለች። ሰዓታት ካለፉ በኋላ ጀልባዋ ድምፅ ሳታሰማ ትጠጋለች፤ መብራቱን ቀስ አድርገው ወደ መረቡ ይስቡታል፤ ዓሣው ይከተላል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ሐይቁ በሙሉ ስለሚበራ የአስጋሪው መብራት ጉልበት ያጣል። ብዙዎቹ እነዚያን ሌሊቶች ከውኃው ርቀው መረባቸውን እየጠገኑ ያሳልፋሉ።

ለብዙ አሥርት ዓመታት ይህን ሥራ የሠራው ማሾ የሚባለው የነጭ ጋዝ ፋኖስ ነው። የኛም አገር ሰው ያውቀዋል፤ ኤሌክትሪክ ባልገባበት ቀበሌ የሰርጉን ዳስ ቀን ያስመሰለው እሱ ነበር። ቀረብ ብለን እንየው። ከሥሩ ባለው መያዣ ነጭ ጋዝ ይሞላል፤ በእጅ እየተነፋ አየር ይታመቅበታል። ግፊቱ ጋዙን በቀጭን ቱቦ ሽቅብ ይሰደዋል፤ ቱቦው የጋለ ስለሆነ ጋዙ ይተንና ከአየር ጋር ተቀላቅሎ በተንጠለጠለችው ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ውስጥ ይነዳል። ቤቱን የሚያደምቀው ነበልባሉ አይደለም፤ ያች ከረጢት ግላ ነጭ ስትሆን ነው። ከረጢቷ ከመጀመሪያው እሳት በኋላ ጨርቅነቷ ይቀራል፤ ቅርጿን ይዛ የቆመች አመድ ትሆናለች። በጣት ቢነኳት ትፈርሳለች።

እንግዲህ ይህን ዕቃ ነው ማዕበል በሚንጠው እንጨት ላይ አስረው የሚያሳድሩት። የውኃ ፍንጣቂ የጋለውን መስተዋት ይሰነጥቀዋል፤ መናወጡ ከረጢቷን ያረግፋታል፤ ጋዙ ሐይቁ ውስጥ ይንጠባጠባል። ነጭ ጋዙ ላይ ቤንዚን የቀላቀለ ነጋዴ ካለ ደግሞ ማሾው ሊፈነዳ ይችላል።

ብክነቱ ግን ከሁሉም ይብሳል። አንድ ሊትር ነጭ ጋዝ ሲነድ ወደ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠጋ ኃይል ይሰጣል። በሌሊት አንድ ሊትር ተኩል የሚጨርስ ማሾ እንግዲህ 15 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል በላ ማለት ነው። ከዚህ ብርሃን የሚሆነው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ወደ ሰማይ ይሄዳል። የዚያኑ ያህል የሚያበራ 10 ዋት ኤልኢዲ ለ10 ሰዓት ቢበራ የሚወስደው 0.1 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ልዩነቱ ከመቶ እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። አንድ ጀልባ ደግሞ የሚይዘው አንድ ማሾ ብቻ አይደለም።

ኤልኢዲ ለማብራት ምንም ነገር ማጋል አያስፈልገውም። ኤሌክትሪክ በአንዲት የሴሚኮንዳክተር ቅንጣት ውስጥ ሲያልፍ ኤሌክትሮኖች ከከፍተኛ የኃይል ደረጃ ወደ ዝቅተኛው ይወርዳሉ፤ ሲወርዱ የተረፋቸውን ኃይል በብርሃን መልክ ይለቁታል። ቀይ የሚያበራው ኤልኢዲ በ1962 እ.ኤ.አ. ተሠርቶ ነበር። ነጩ ግን ሰማያዊው እስኪገኝ መጠበቅ ነበረበት፤ ምክንያቱም ነጭ ብርሃን የሚገኘው ሰማያዊውን ኤልኢዲ ቢጫ ብርሃን በሚሰጥ ዱቄት በመሸፈን ነው። ሰማያዊውን ለዚህ ያበቁት ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ በ2014 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል። ይገባቸዋል።

ለአስጋሪው ሌላም ጥቅም አለው። ማሾ ብርሃኑን ወደ ጎንና ወደ ላይ ይበትነዋል። ዝቅ ብሎ በአግድም የሚመጣ ብርሃን ደግሞ አብዛኛው የውኃውን ገጽ ነክቶ ይነጥራል እንጂ ወደ ጥልቁ አይገባም። ከላይ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ብርሃን ግን የሚነጥረው ከመቶ 2 ያህሉ ብቻ ነው። ኤልኢዲ ፊቱን ወደ ውኃው አዙሮ ሊታሰር ይችላል፤ በደንብ ከታሸገም ውኃው ውስጥ ይጠልቃል። ብርሃኑ ዓሣው ካለበት ይደርሳል።

ችግሩ ያለው ባትሪው ላይ ነው። በኔ እምነት ከማሾ ወደ ኤልኢዲ የሚሻገር ሰው ከአምፖሉ በፊት ስለ ባትሪው ማሰብ አለበት። 10 ዋቱ አምፖል በ12 ቮልት ባትሪ ሌሊቱን ሲያበራ ከ8 አምፔር ሰዓት ትንሽ በላይ ይወስዳል። የሊድ አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች እየወረደ ከተሠራበት ቶሎ ስለሚሞት ለአንድ አምፖል ቢያንስ 20 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ያስፈልጋል። አምፖሉም ቮልቴጅ ሲዋዥቅ የሚያስተካክል መሣሪያ በውስጡ የያዘ ይሁን። ርካሾቹ ይህ የላቸውም፤ ባትሪው ሲሞላ ከልክ በላይ ይግላሉ፣ ሲደክም አብረው ይደበዝዛሉ። ፊውዝ ከባትሪው አጠገብ ይግባ። ውኃ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ሽቦው ወደ አምፖሉ በሚዘልቅበት ቀዳዳ ስለሆነ፣ ሲገዙ መጀመሪያ እሱን መመልከት ነው።

ገንዘቡም የራሱ ጣጣ አለው። ነጭ ጋዝ በሊትር፣ ከዕለቱ ገቢ ይገዛል፤ ባትሪና የፀሐይ ፓኔል ግን አንድ ዓሣ ሳይያዝ በፊት አንድ ላይ ይከፈልባቸዋል። ድሃ አስጋሪ ውዱን ጋዝ እየገዛ የሚኖረው ርካሹን መግዛት ስለማይችል ነው። የጀርመኑ አምፖል አምራች ኦስራም በ2008 እ.ኤ.አ. ምቢታ ላይ በፀሐይ የሚሠራ የባትሪ መሙያ ጣቢያ ሲከፍት መፍትሔ ያደረገው ኪራይን ነበር፤ አስጋሪው መያዣ አስይዞ መብራትና የተሞላ ባትሪ ይወስዳል፣ ጠዋት ባዶውን መልሶ በሌላ ይቀይራል። ይህ አሠራር ትክክለኛውን ቁስል የነካ ይመስለኛል።

አንድ ስጋት ግን አለኝ። ብርሃን ሲረክስ መብራት መጨመር ቀላል ይሆናል፤ መብራት ሲበዛ ያልደረሰች ዓሣም መረብ ውስጥ ትገባለች። ከጋዝ የተረፈው ገንዘብ ለተጨማሪ አምፖል ሳይሆን ለልጆች ትምህርትና ለጀልባው ጥገና ቢውል ሐይቁም ይተርፋል፣ አስጋሪውም ይጠቀማል።

ጀልባዎቹ ጎህ ሲቀድ ይመለሳሉ። ኦሜናው አሸዋው ላይ ይሰጣል፤ ባትሪውም በዚያው ፀሐይ እስከ ማታ ይሞላል።