ከሞተሩ በፊት ጎማው

መኪናውን ፈጣን ማድረግ የሚፈልግ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ሞተር ነው። የእህቴ ልጅም እንደዚያው ነው። «ጋሼ፣ ማርሚታውን ባስቀይረው ስንት ፈረስ ጉልበት ይጨምርልኛል?» ይለኛል። እኔም «እስቲ መጀመሪያ ወረቀትህን አምጣ» እለዋለሁ።

ወረቀት የምለው የድራግ ውድድር ሜዳ ላይ ሩጫው ሲያበቃ የሚሰጠውን የሰዓት ወረቀት ነው። ድራግ ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቆመው በቀጥታ መስመር የሚሽቀዳደሙበት ውድድር ነው። ኩርባ የለውም። የተለመደው ርቀት ሩብ ማይል፣ 402 ሜትር ገደማ ነው። በአሜሪካ ይህን ስፖርት የሚመራው ኤንኤችአርኤ እ.ኤ.አ. በ1951 ሲመሠረት ካነሳሱት ነገሮች አንዱ ወጣቶቹን ከአውራ ጎዳና እሽቅድምድም ወደ ተከለለ ሜዳ ማስገባት ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ያለን ሰዎች ከአንድ ሰዓት በላይ ወደ ደቡብ ነድተን በድስ ክሪክ ወደሚገኘው ሜሪላንድ ኢንተርናሽናል ሬስዌይ እንሄዳለን። ለአማተሮች ክፍት በሚሆንበት ምሽት መግቢያ ከፍሎ መኪናውን ያስፈተሸ ሰው መንጃ ፈቃዱን ይዞ መሮጥ ይችላል። የኔዋ ሥራ የምሄድባት የ2016 ሙስታንግ ጂቲ ናት። ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ ካምቢዮዋ አውቶማቲክ፣ ከፋብሪካ ስትወጣ 435 ፈረስ ጉልበት ያላት።

ወረቀቷ ላይ የመጀመሪያው ቁጥር አረንጓዴ መብራት ሲበራ ነጂው ለመነሳት የወሰደበት ጊዜ ነው። ይህ ከሩጫው ሰዓት ጋር አይደመርም። ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው የፊት ጎማ የመነሻውን ጨረር ሲለቅ ነው። ስለዚህ አረንጓዴው በርቶ ቡና እስኪፈላ የሚቆም ሰው እንኳ ሰዓቱ አይበላሽበትም፤ ውድድሩን ግን ይሸነፋል። ቀጥሎ የመጀመሪያዎቹ 60 ጫማዎች፣ ማለትም 18 ሜትር የፈጁት ጊዜ ይመጣል። ከዚያ ሌሎች መካከለኛ ርቀቶች አሉ፤ መጨረሻ ላይ የሩብ ማይሉ ሰዓትና መስመሩን ሲያልፉ የነበረው ፍጥነት።

እኔ ቀድሜ የማያቸው ሁለቱን ነው፤ 60 ጫማውንና የመጨረሻውን ፍጥነት። ፍጥነቱ የሞተሩን ጉልበት ከመኪናው ክብደት ጋር አገናዝቦ ይናገራል። 60 ጫማው ደግሞ ያ ጉልበት አስፋልቱ ላይ ማረፍ አለማረፉን ያሳብቃል። በተለመደው የከተማ ጎማ ስነዳ 60 ጫማው 2.15 ሰከንድ፣ ሩብ ማይሉ 13.41፣ ፍጥነቱም በሰዓት 107.8 ማይል ነበር። ሁለቱን የኋላ ጎማዎች ብቻ ድራግ ራዲያል በሚባለው፣ መንገድ ላይም መነዳት በሚፈቀድለት ለስላሳ ጎማ ቀየርኩ። 60 ጫማው 1.90 ገባ፣ ሩብ ማይሉ 12.96 ሆነ። ፍጥነቱስ? 108.3። ከሞተሩ አንድ ብሎን አልተፈታም። መነሻ ላይ የተቆጠበች አንድ አስረኛ ሰከንድ መጨረሻ ላይ አንድ ተኩል ወይም ሁለት አስረኛ ሆና ትገኛለች የሚሉት የሜዳው ነባሮች ወደው አይደለም።

ጎማው ከተገዛ በኋላ ሥራው ንፋሱ ላይ ነው። መንገድ ላይ 32 ፒኤስአይ የሚሞላውን የኋላ ጎማ ሜዳው ላይ ወደ 20 ገደማ አወርደዋለሁ። ከዚያ አንድ እየጨመርኩ ወይም እየቀነስኩ 60 ጫማውን አያለሁ። በአንድ ሩጫ ከአንድ ነገር በላይ አልነካም፤ ንፋሱንም አነሳሱንም አንድ ላይ የለወጠ ሰው የትኛው እንደጠቀመው አያውቅም። ከመነሻው በፊት ጎማ ለማሞቅ ውኃ የሚፈስበት ቦታ አለ። ጥርስ ያለው ጎማ የገጠመ ሰው ዞሮት ነው የሚያልፈው፤ ካልሆነ በጥርሶቹ የያዘውን ውኃ መነሻው ድረስ ያንጠባጥባል። ኤር ኮንዲሽነርም ከሥር ውኃ ስለሚጥል ሰልፍ ውስጥ ሳለን እናጠፋዋለን። ይህን የረሳ ሰው ከኋላው ያለው ሰልፈኛ ሁሉ ይገላምጠዋል። ውኃውን ካለፍኩ በኋላ የኋላ ጎማዎቹን ለአፍታ ባሉበት አሽከርክሬ፣ የተጣበቀባቸውን አሸዋ አራግፌ ወደ መነሻው እጠጋለሁ። ግራ እግሬ ፍሬን ላይ ሆኖ ሞተሩን 1,500 ዙር ገደማ ላይ እይዘዋለሁ። ስለቀው ነዳጁን እስከ ታች አልደፈጥጠውም፤ እየጨመርኩ ነው የምረግጠው። ይህ ምንም ወጪ የለውም፤ ብዙ ሰው የማይሠራበትም ለዚያ ይመስለኛል።

ክብደትም አለ። እንደ ሜዳው ልማድ 100 ፓውንድ፣ ማለትም 45 ኪሎ ሲቀነስ አንድ አስረኛ ሰከንድ ገደማ ይገኛል። አንድ ጋሎን ቤንዚን ስድስት ፓውንድ ገደማ ይመዝናል፤ ስለዚህ ታንኩን ሞልቶ የሚመጣ ሰው ከፍሎ ሸክም ገዛ ማለት ነው። ስኮርታው፣ ክሪኩ፣ የልጆቹ ወንበር፣ ሁሉም ይወርዳል። በሩጫዎች መካከል ኮፈኑን ከፍቼ ሞተሩን አበርዳለሁ።

ከእጃችን የሚወጣው አየሩ ነው። በነሐሴ ሙቀትና እርጥበት የሮጠችው መኪና በጥቅምት ብርድ ሌላ መኪና ትመስላለች፤ ቀዝቃዛ አየር ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ሞተሩ ብዙ ኦክስጅን ይስባል። ከፍታ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል። ዴንቨር አጠገብ የነበረው የባንዲሜር ሜዳ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ስለነበር ሰዓቱ በማስተካከያ ተሰልቶ ነበር የሚነጻጸረው። አዲስ አበባማ ከዚያም ትበልጣለች። ከ2,300 ሜትር በላይ የአየር ግፊቱ ባሕር ወለል ላይ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱን በዚያው መጠን ያጣል። አገር ቤት ያለ ወዳጄ ያው ሙስታንግ ለምን እንደ ቪዲዮው አልሆነልኝም ቢል መኪናዋ ላይ አይፍረድባት።

ለእህቴ ልጅ ማስረዳት ያቃተኝ ግን ዋናው ውድድር ፍጥነት ብቻ አለመሆኑን ነው። ብራኬት በሚባለው ዓይነት ነጂው እሮጣለሁ ብሎ የሚገምተውን ሰዓት መስታወቱ ላይ በነጭ የጫማ ቀለም ይጽፋል። እኔ 12.95 ብዬ፣ አጠገቤ የቆመው አሮጌ ፒክአፕ 16.20 ቢል፣ እሱ ከኔ 3.25 ሰከንድ ቀድሞ አረንጓዴ ይበራለታል። ከጻፍኩት ሰዓት ፈጥኜ ከገባሁና እሱ ከጻፈው ካልፈጠነ ተሸናፊው እኔ ነኝ። ስለዚህ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የምትሮጥ ቀርፋፋ መኪና አንዴ 12.8፣ አንዴ 13.2 የምትገባውን ስታሸንፍ ማየት የተለመደ ነው። «ታዲያ ማርሚታው ምን ያደርግልኛል?» አለኝ ይህን ስነግረው። ድምፅ፣ አልኩት።

የራስ ቁር ከ13.99 ሰከንድ ጀምሮ ለሚፈጥን ሁሉ ግዴታ ነው፤ ረጅም ሱሪና የተሸፈነ ጫማም እንዲሁ። ነጠላ ጫማ አድርጎ የመጣ ሰው ፍተሻው ላይ ነው የሚቀረው። ማታ ስንመለስ በ301 መንገድ በ20 ፒኤስአይ መንዳት ጎማውን ያግለዋል፣ መኪናውንም ኩርባ ላይ ያዋልላል። ስለዚህ ከመኪናው የወረደውን ዕቃ ሁሉ ከመመለሳችን በፊት ትንሿን የንፋስ መሙያ ከሲጋራ መለኮሻው ላይ ሰክተን ሁለቱን የኋላ ጎማዎች ወደ 32 እንመልሳቸዋለን።