ማንቼን ማን ገደላት?

እኔ የምለው ወዳጆቼ! የማንችስተር ዩናይትድ ደጋፊ ሆኖ በአሰልጣኝ ጉዳይ ከጓደኛው ጋር ያልተጣላ ማን አለ? ድሮ ፈርጉሰን እያለ ጭቅጭቃችን ከአርሴ ቲፎዞ ጋር ነበር። አሁን እርስ በርስ ሆኗል። ጨዋታው አልቆ የዲ.ኤስ.ቲቪ ቤቱ ወንበር እየተደራረበ እንኳ እኛ በር ላይ ቆመን “ማንቼን የገደላት ማነው?” እንባባላለን።

ነገሩ የጀመረው በ2013 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሰር አሌክስ ፈርጉሰን 13ኛውን የሊግ ዋንጫ፣ ተከታዩን በ11 ነጥብ በልጦ፣ ወሰደና ተሰናበተ። ከዚያ ወዲህ የመጣ ሁሉ ተከሳሽ ነው።

አንደኛ ተከሳሽ ዴቪድ ሞይስ። የ6 ዓመት ኮንትራት ፈርሞ 10 ወር ቆየ፤ ሻምፒዮኑ ቡድን 7ኛ ወጣ። ሉዊ ቫን ኻል ደግሞ ኳሷን ወደ ጎን እያስመታ አስተኝቶን ነበር፤ ግን በ2016 የኤፍ.ኤ. ዋንጫን አመጣ፣ ራሽፎርድንም አሰለፈልን። ሞሪንሆ በ2017 ሁለት ዋንጫ በላ፤ በቀጣዩ ዓመት ሁለተኛ ወጣ፤ ከዚያ ከተጫዋች ጋር ተኳርፎ ሄደ። ሶልሻየርን ሁላችንም እንወደዋለን፤ ዋንጫ ግን የለም፤ በ2021 በገዛ ሜዳችን በሊቨርፑል 5 ለ 0 ተቀጣን። ቴን ሃግ ሁለት ዋንጫ ይዞ 7 ለ 0ንም አሳየን። አሞሪም የ2024/25ን ውድድር 15ኛ ሆኖ ጨረሰ። አቦ ምረጡ እንግዲህ!

አንድ ቅዳሜ ማታ ይኸው ክርክር በሁለት ጓደኞቼ መካከል ጦፈ። ከትምህርት ቤት ጀምሮ አብረው ያደጉ ናቸው። አንደኛው የሞይስ ጠበቃ ነው። “የተረከበው እኮ ያረጀ ቡድን ነው፤ ተጫዋች የሚገዛው ሥራ አስኪያጅም ከፈርጉሰን ጋር አብሮ ወጥቷል፤ በምን ይሥራ?” አለ። ሌላው መልስ ሲያጣ ምን ቢል ጥሩ ነው? “አንተማ ለሞይስ ብትቆም አይገርምም፤ አንተም የተረከብከውን ነው ያፈረስከው!”

ሁላችንም ጸጥ አልን። ልጁ አባቱ ሲሞቱ ሱቃቸውን በ23 ዓመቱ ተረክቦ ነበር። ሱቁን ሲረከብ ግማሹ ዕቃ በዱቤ የመጣ ነበር፤ ሁለት ዓመት ታግሎ ዘጋው። ይህን ደግሞ ተናጋሪው ከማንም በላይ ያውቃል፤ የዱቤ ደብተሩን አብሮት የቆጠረ እሱ ነው። ልጁ የሻዩን ሒሳብ ከፍሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ጨዋታ የሚያየው ሌላ ሰፈር ሄዶ ነው።

ከኳሱ ከሄድን፣ ፍርዴ ይኸውና። ከሞይስ በኋላ እስከ 2025 አምስት ቋሚ አሰልጣኝ ተቀጠረ፤ በርካታ ሚሊዮን ፓውንድ ፈሰሰ፤ ሊጉን አንዳቸውም አላመጡም። ስድስት ሰው ከአንድ ወንበር ከወደቀ ወንበሩንም መመርመር ነዋ! ግሌዘሮች በ2005 ክለቡን ሲገዙ ከመግዣው ብድር ከፊሉን የጫኑት ክለቡ ላይ ነው። ስለዚህ አሰልጣኝን ስንከስ ምን ተረከበ፣ ምን አስረከበ ብለን እንጠይቅ። በዚህ ሚዛን ሞይስ ከባዱን ቦታ የያዘ እንጂ ትልቁ ገዳይ አይደለም እላለሁ። ይግባኝ ይፈቀዳል!

ለእናንተ ግን ከፍርዱ ይልቅ ይህን ልምከር። ክርክር ስትጀምሩ በመጀመሪያ ሚዛኑን ተስማሙ፤ አንዱ ዋንጫ እየቆጠረ ሌላው የጨዋታ ውበት ካወራ እስኪነጋ አትግባቡም። ሁለተኛ፣ በሜዳው የተጀመረ በሜዳው ይለቅ፤ የጓደኛን ሥራ፣ ቤተሰብና ኪስ የሚነካ ቃል ነጥብ አያስቆጥርም። በተለይ በምስጢር ያዋያችሁን ነገር ለማሸነፊያ ያወጣችሁ ቀን በክርክሩ ብትረቱም ሰው ታጣላችሁ። ሦስተኛ፣ ቃሉ ካመለጣችሁ በስልክ መልእክት አትሸፋፍኑት፤ እግራችሁን አንሱና ቤቱ ሂዱ፤ “ያልኩት ስለ ኳስ አልነበረም፤ አጥፍቻለሁ” በሉ። “ለቀልድ ነው” ማለት ቁስሉን ማባስ ነው።

አሰልጣኙ እንደሆነ ካሳውን ተቀብሎ ይሄዳል። አብሯችሁ የሚያዝነው ከጎናችሁ የተቀመጠው ልጅ ነው።