ለገበሬ የቆሙ ጠበቃ

«በሕግ አምላክ ቢሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» ይባላል። ሕጉ መኖሩን ያላወቀ ሰው ግን ምን ብሎ ያስቆማል? ይህን የሰሜን ዳኮታ ገበሬዎች ታሪክ ያስረዳናል።

ሰሜን ዳኮታ በአሜሪካ አገር፣ ከካናዳ ድንበር አጠገብ ያለች ክፍለ ሀገር ናት። ሕዝቧ ስንዴ ያርሳል፤ ከብት ያረባል። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1980 ዓ.ም. ጀምሮ በነበሩት ጥቂት ዓመታት ገበሬዎቿን ድርቅ መታቸው። የእህል ዋጋ ወደቀ። የብድር ወለድ ግን ናረ። ብዙዎቹ ከመንግሥት አበዳሪ መሥሪያ ቤት የወሰዱትን ብድር መክፈል አቃታቸው።

መሥሪያ ቤቱም እህልና ከብት ሸጠው ያገኙትን ገንዘብ ያዘባቸው። ለቀለብ እንኳ የሚሆን አጡ። ቀጥሎም መሬታቸውን በሐራጅ ሊሸጥባቸው ተነሣ። አቤት ሲሉ አቤቱታቸውን የሚሰማው በውሳኔው እጁ ያለበት ሹም ነበር። ከሳሹም ዳኛውም አንድ ሆነ ማለት ነው።

በ1978 የወጣ አንድ ሕግ ግን ነበር። ከአቅሙ በላይ በሆነ ችግር ዕዳውን መክፈል ያልቻለ ገበሬ የመክፈያ ጊዜው ሊራዘምለት ይችላል ይላል። ይህን ለገበሬዎቹ የነገራቸው አልነበረም።

ወይዘሮ ሣራ ቮገል የዚያው አገር ጠበቃ ናቸው። ያን ጊዜ ልጃቸውን ብቻቸውን ያሳድጉ ነበር። ገበሬዎቹ የሚከፍሉት ገንዘብ ባይኖራቸውም ጉዳያቸውን ያዙላቸው። በ1983 ዘጠኝ ገበሬዎችን ይዘው በጋራ ክስ መንግሥትን ከሰሱ። የጋራ ክስ ማለት ጥቂት ሰዎች፣ ያው በደል ስለ ደረሰባቸው ሁሉ ሆነው የሚከሱት ክስ ነው።

በዚያው ዓመት ዳኛው ለገበሬዎቹ ወሰነ። ውሳኔው በመላ አሜሪካ 240,000 ያህል ተበዳሪ ገበሬዎችን ጠቀመ። ዕዳው አልተሰረዘም፤ ዕዳ ዕዳ ነው። ነገር ግን መሥሪያ ቤቱ መሬት ከመውሰዱ በፊት እነዚህን እንዲፈጽም ታዘዘ፦

1. ጊዜ እንዲራዘምላቸው የመጠየቅ መብት እንዳላቸው በጽሑፍ እንዲነግራቸው፤
2. በውሳኔው እጁ የሌለበት ሰው አቤቱታቸውን እንዲሰማ፤
3. አቤቱታቸው ሳይሰማ የቀለብና የእርሻ ሥራ ገንዘብ እንዳይከለክላቸው።

የአገሩ ሰው ውለታቸውን አልረሳም። በ1988 የክፍለ ሀገሩ የእርሻ ኃላፊ አድርጎ መረጣቸው። በአሜሪካ ይህን ሹመት በሕዝብ ምርጫ ያገኙ የመጀመሪያዋ ሴት እሳቸው ናቸው። በኋላም የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ተወላጅ የሆኑ ገበሬዎችና ከብት አርቢዎች፣ በብድር አድልዎ ተደረገብን ብለው በ1999 መንግሥትን ሲከሱ ከጠበቆቻቸው አንዷ ሆኑ። በ2010 መንግሥት 680 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ሊከፍልና 80 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ ሊሰርዝ ተስማማ።

እንዲህ ያለውን ጠበቃ ማክበር ተገቢ ነው። ከዚህም ትምህርት እናገኛለን። ዳኛው «በጽሑፍ ንገሩ» ብሎ አዘዘ። የተጻፈ ነገር ግን አንባቢ ይፈልጋል። እንግዲህ የብድር ውል ከመፈረማችሁ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቡ። ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲመጣላችሁ ሳታነቡ አታስቀምጡ። ያልገባችሁን ጠይቁ። መብቱን ያወቀ ሰው «በሕግ አምላክ» ሲል ምን እንደሚል ያውቃል።