ባለገበር መጋረጃ እንዴት ይሠራል?

እህቴ ነርስ ናት። የሌሊት ተረኛ ስትሆን የምትተኛው ቀን ነው፤ የመኝታ ቤቷ መስኮት ደግሞ የጠዋት ፀሐይ ፊት ለፊት ያገኘዋል። ስስ መጋረጃዋ ብርሃኑን አልከለከለላትም፤ ይባስ ብሎ ቀለሙን ለቀቀ፣ ሳስቶም መቀደድ ጀመረ። አዲሱን ገበር አግብቼ በእጄ ሰፋሁላት።

ገበር ፀሐይን ቀድሞ ይቀበላል። ቀለም የሚያነጣው፣ ክር የሚያሳሳው ጨረር እሱ ላይ ያርፍና ዋናው ጨርቅ ይተርፋል። በሁለቱ መካከል የሚቀረው አየር ብርድ ይከላከላል። ክብደትም ስለሚጨምር እጥፋቱ ቀጥ ብሎ ይወርዳል።

የሚለካው ዘንጉ ነው እንጂ መስታወቱ አይደለም። የእህቴ ዘንግ 150 ሳንቲ ሜትር ነው። መጋረጃው ተዘግቶም እጥፋት እንዲኖረው የዘንጉን እጥፍ ያህል ስፋት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ወርዱ 150 የሆነ ጨርቅ ሁለት ቁራጭ ያስፈልጋል። ቁመቱ 220፣ ለታች ቅምቅማት 16፣ ለላይ 10፤ አንዱ ቁራጭ 246 ሆነ። ለሁለቱ 5 ሜትር ይበቃ ነበር፤ ጥጥ ሲታጠብ ስለሚያጥር ግን 5 ሜትር ተኩል ገዛሁ። ጨርቁንም ገበሩንም ከመቁረጤ በፊት አጥቤ ተኮስኩ።

የስፌቱ ቁም ነገር ማላላት ነው፤ በእጅ የሰፋሁትም ለዚሁ ነው። ገበሩን በጨርቁ ጀርባ አንጥፌ በየ40 ሳንቲ ሜትሩ ከላይ እስከ ታች በሰፋፊ ስፌት አያያዝኳቸው። መርፌው ከፊተኛው ጨርቅ አንድ ሁለት ክር ብቻ ስለሚያነሣ ስፌቱ በፊት በኩል አይታይም። ክሩ ከጠበቀ ግን ጨርቁ ይኮማተራል። ጎንና ጎኑን ሰፋሁ፤ ከታች ግን ገበሩ ለብቻው ተቀምቅሞ፣ ከጨርቁ 3 ሳንቲ ሜትር አጥሮ ይንጠለጠላል። ሁለት ዓይነት ጨርቅ እኩል አይረዝምም፣ እኩል አያጥርም፤ ታችም ቢሰፋ አንዱ ሌላውን ይጎትተዋል።

የታችኛውን ቅምቅማት ለመጨረሻ ተውኩት። መጋረጃው 3 ቀን ተሰቅሎ በራሱ ክብደት ከወረደ በኋላ፣ እዚያው መስኮቱ ላይ እንዳለ በእስፒል ይዤ ልኩን አወጣሁ።

ከሳምንት በኋላ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ልጠይቃት ሄድኩ። በሩን ባንኳኳ አልሰማችኝም፤ እንቅልፍ ወስዷታል። ሳልደግም ተመለስኩ።