የመታየት ዋጋ፦ በነአኩቶ ለአብ ገዳም የቅርስ አቀራረብና ጥበቃ

ሥዕልን ሄዶ ማየት በከተማ ልማድ ከጋለሪና ከሙዚየም ጋር የተያያዘ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ለምሳሌ መስቀሎችንና የገበታ ሥዕሎችን ከጽሑፍ መግለጫ ጋር ለተመልካች ያቀርባል። እነዚህ ቅርሶች ከቀድሞ አገልግሎታቸው ተለይተው ለእይታ ብቻ የተቀመጡ ናቸው። በላስታ ግን የብዙዎቹ ቅርሶች ሁኔታ የተለየ ነው። የሚታዩትም የሚገለገሉባቸውም በአንድ ስፍራ ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህ ልዩነት በጥበቃ ረገድ የሚያስከትለውን ጥያቄ ማስረዳት ነው።

የነአኩቶ ለአብ ገዳም ከላሊበላ ከተማ በስተ ደቡብ ምዕራብ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ፣ በተፈጥሮ ዋሻ ሥር የታነጸ ነው። ስያሜውን ያገኘው የቅዱስ ላሊበላ የወንድም ልጅ እንደሆነ ከሚነገርለት የዛጉዌ ንጉሥ ነው። ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ውሃ በድንጋይ ገንዳዎች እየተጠራቀመ ለጸበልነት ይውላል። ጎብኚ ሲመጣ ካህኑ መስቀሎችንና የብራና መጻሕፍትን አውጥቶ ያሳያል፤ ታሪካቸውንም በቃሉ ያስረዳል። በሙዚየም በግድግዳ ላይ የሚለጠፈው መግለጫ እዚህ በካህኑ አንደበት ይነገራል።

በቀደመው ሥርዓት መታየት የራሱ ልክ ነበረው። መጽሐፍ ከማኅደሩ የሚወጣው ለንባብ ሲፈለግ ነው። በአንዳንድ የብራና መጻሕፍት ሥዕሉን የምትሸፍን ጨርቅ ከገጹ ጋር ተሰፍታ ትገኛለች። ታጣፊ የገበታ ሥዕሎችም ሲዘጉ የተቀባው ገጽ ወደ ውስጥ ይሆናል። ሥርዓቱ ለክብር የታሰበ ቢሆንም ቅርሱን ከብርሃንና ከአቧራ ጠብቆታል። ላሊበላ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ግን ጎብኚው የሚመጣው በራሱ ቀን እንጂ በበዓሉ ቀን ብቻ አይደለም። ስለዚህ ያው መጽሐፍ ይበልጥ ይገለጣል።

የጉዳቱን መጠን በቀላል ስሌት መገመት ይቻላል። ሙዚየሞች በብርሃን በቀላሉ ለሚጎዱ ቅርሶች በተለምዶ የሚፈቅዱት የብርሃን መጠን 50 ሉክስ ገደማ ነው። የቀትር ፀሐይ በአንጻሩ እስከ 100,000 ሉክስ ይደርሳል። እንግዲህ በደጅ፣ በቀጥታ ፀሐይ ለአንድ ሰዓት የተገለጠ ገጽ በሙዚየም ክፍል በ2,000 ሰዓታት የሚያገኘውን ያህል ብርሃን ይቀበላል። ይህም በቀን ለ8 ሰዓት ክፍት በሆነ ሙዚየም የ250 ቀን እይታ ነው። እርጥበትም ሌላው ምክንያት ነው። ብራና ቆዳ በመሆኑ እርጥበት ሲያገኝ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ከላዩ ያለው ቀለም በእኩል መጠን ስለማይለጠጥ ይሰነጠቃል፤ ውሎ አድሮም ይረግፋል። ከእርጥብ ዋሻ ወደ ደረቅ አየር መውጣትና መመለስ ይህን እንቅስቃሴ ያበዛዋል።

መፍትሔው ቅርሱን መደበቅ ነው ማለት አይቻልም። የጎብኚ ገቢ ለአካባቢው መተዳደሪያ ነው፤ ያልተመዘገበና የማይታወቅ ቅርስም ቢጠፋ የእኔ ነው ብሎ ለመጠየቅ ያስቸግራል። አፍሮ አይገባ የተባለው መስቀል እ.ኤ.አ. በ1997 ከቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰርቆ ከአገር ከወጣ በኋላ በ2001 መመለሱ ስጋቱ እውነተኛ መሆኑን ያሳያል። ሁሉንም ወደ ሙዚየም ማዛወርም መጽሐፉን ከንባብ፣ መስቀሉንም ከተሳላሚው ይለያል።

በመካከሉ ግን ብዙ ወጪ የማይጠይቁ እርምጃዎች አሉ። ማሳያ ስፍራውን ወደ ጥላ ማዛወር አንዱ ነው። አንድ ገጽ ብቻ ደጋግሞ ሲገለጥ ጉዳቱ በዚያ ገጽ ስለሚከማች፣ ገጾችንና መጻሕፍትን ማፈራረቅ ይጠቅማል። ዝርዝሩን ለሚፈልግ ጎብኚ ጥሩ የፎቶግራፍ ቅጂ ማቅረብ፣ መጽሐፉ መቼና ለምን ያህል ጊዜ እንደተገለጠም በመዝገብ መያዝ ይቻላል። ተመራማሪም ራሱ ከገላጮቹ አንዱ ነውና፣ ዋናውን ለማየት ከመጠየቁ በፊት ማይክሮፊልም ወይም ዲጂታል ቅጂ መኖሩን ማጣራት ይገባዋል። የመጨረሻው ውሳኔ ግን ለትውልዶች ቅርሱን ጠብቀው ላቆዩት ካህናት የሚተው ነው፤ የጥናት ድርሻ በሚወስኑበት ጊዜ የእያንዳንዱን እይታ ዋጋ እንዲያውቁት ማድረግ ነው።